ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስን ሳያስፈቅድ ጦር ማዝመት ይችላል? ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ቅዳሜ ሜሪላንድ ውስጥ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ የሀገራችንን ሰዎች አስተምራለሁ። በ2025 ጁን ላይ (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አሜሪካ የኢራንን የኑክሌር ጣቢያዎች፣ ፎርዶ፣ ናታንዝና ኢስፋሃንን፣ ደብድባ ሳምንት ሆኗት ክላስ ስገባ ማንም ደብተር አላወጣም። ግማሹ “ፕሬዚዳንት አይደል እንዴ፣ ይችላል፣ አለቀ” ይላል፣ ግማሹ ደግሞ “ኮንግረስ ሳይፈቅድ? ህገወጥ ነው፣ አለቀ” ይላል። እኔን ያስቸገረችኝ “አለቀ” የምትለዋ ናት፣ ምክንያቱም ይሄ ክርክር ከ1787 ጀምሮ እስካሁን አላለቀም። ስህተቶቹ ግን ሁሌም እነዛው ናቸው፣ ክላስ ውስጥም ታክሲ ውስጥም ቡና ላይም። አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፋቸው።

“የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ስለሆነ ይችላል።”

ይሄ ከፈተናው የሚመጣ ስህተት ነው። የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ማነው ሲባል መልሱ ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ሰው እሱን ሸምድዶ እዛው ይቆማል። እዛው ፈተና ላይ የፌደራል መንግስቱን ስልጣን አንዱን ጥቀስ የሚልም አለ፣ ከመልሶቹ አንዱ ጦርነት ማወጅ ነው፣ ያንን ስልጣን ህገ መንግስቱ ለማን ነው የሰጠው ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ ግን ብዙ የለም። ለኮንግረስ ነው፣ አንቀጽ 1 ክፍል 8። አዛዥነቱ ደግሞ አንቀጽ 2 ክፍል 2። በ1787 ኦገስት ፊላደልፊያ ላይ የህገ መንግስቱ ረቂቅ ኮንግረስ ጦርነት “ያካሂዳል” ይል ነበር፣ ከአርቃቂዎቹ ማዲሰንና ጌሪ “ያውጃል” ይባል ብለው አስቀየሩት፣ ምክንያታቸውም ድንገተኛ ጥቃት ከመጣ ፕሬዚዳንቱ ስብሰባ ሳይጠብቅ መመከት እንዲችል ነው። መመከት ነው ያሉት። ቤትህ የገባ ሌባ መያዝና ሰው ሰፈር ሄዶ በር መስበር አንድ አይደለም። እኛ ሀገርም እኮ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦሩ አዛዥ ነው፣ የጦርነት ሁኔታ የሚያውጀው ግን በአንቀጽ 55 መሰረት የተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ሊከብደን አይገባም ነበር።

“60 ቀን ነጻ ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ፈቃድ የሚያስፈልገው።”

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ፣ ምክንያቱም ይሄን የሚሉት ያልተማሩ ሰዎች አይደሉም፣ ቴሌቪዥን ላይ ተንታኝ ተብለው የሚቀርቡ ሰዎችም ይሉታል፣ እኔ ደግሞ በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የ1973ቱ የጦርነት ስልጣን ህግ የወጣው ከቬትናም በኋላ ነው፣ ኒክሰን ካምቦዲያን ከህዝቡ ደብቆ ሲደበድብ ከቆየ በኋላ፣ ኮንግረስ በቃን ብሎ ያወጣው ህግ ነው፣ ኒክሰን ቪቶ ሲያደርገው (አልፈርምም ብሎ ሲመልሰው) እንኳን በሁለት ሶስተኛ ድምጽ (በታችኛው ምክር ቤት 284 ለ135፣ በሴኔት 75 ለ18) ቪቶውን ሽረው ያጸደቁት። እንዲህ ያለ ህግ እንዴት አድርጎ ለፕሬዚዳንቱ የሁለት ወር የነጻ ጦርነት ስጦታ ሊሰጥ ይችላል? እስቲ አስቡት! ህጉን ያወጡት ሰዎች ተቃራኒውን ነበር የፈለጉት። እንደውም ህጉ መጀመሪያው ላይ ፕሬዚዳንቱ ጦሩን ውጊያ ውስጥ የሚያስገባባቸውን ሶስት ሁኔታዎች ብቻ ይዘረዝራል፣ ኮንግረስ ጦርነት ካወጀ፣ ኮንግረስ በህግ ለይቶ ከፈቀደ፣ ወይ አሜሪካ ራሷ፣ ግዛቷ ወይ ጦሯ ከተጠቃ። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ይሄ ህግ ፕሬዚዳንቱ ቀድሞ ያልነበረውን ምንም ስልጣን አይሰጠውም ብሎ በግልጽ ይጽፋል።

ታዲያ 60 ቀኑ ምንድነው? ሰአት ነው፣ ፈቃድ አይደለም። ፕሬዚዳንቱ ጦር ካስገባ በ48 ሰአት ውስጥ ለኮንግረስ ሪፖርት ያደርጋል፣ ከዛ ኮንግረስ ካልፈቀደ በ60 ቀን ማቆም አለበት፣ ለመውጫ ቢበዛ 30 ቀን ይጨመርለታል። የመኪና መድን ሲያልቅ የሚሰጥ የእፎይታ ጊዜ አይደለም ይሄ።

አሁን በሌላ በኩል ያለውንም ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ ግማሽ እውነት ነው የሚሆነው። ዋይት ሀውስ የሚሰሩ ጠበቆች፣ ዲሞክራትም ሆነ ሪፐብሊካን ቢሆን፣ እነዛን ሶስት ሁኔታዎች እንደ አጥር አይቀበሏቸውም። የሀገር ጥቅም ካለበትና ውጊያው በስፋቱም በቆይታውም ህገ መንግስቱ “ጦርነት” የሚለው ደረጃ ካልደረሰ ፕሬዚዳንቱ በራሱ ስልጣን ይችላል ነው የሚሉት። ሪፖርቱን ሲጽፉም “በህጉ መሰረት” አይሉም፣ “ከህጉ ጋር በሚጣጣም መልኩ” ነው የሚሉት፣ ሰአቱን ላለማስጀመር። ያንን ሰአት የሚያስጀምረውን አንቀጽ ጠቅሶ ሪፖርት ያደረገ አንድ ፕሬዚዳንት ፎርድ ብቻ ነው፣ በ1975 ካምቦዲያ ለያዘቻት ለማያጌዝ መርከብ፣ ያኔ ደግሞ ኦፕሬሽኑ አልቆ ነበር። እኔ ይሄ የጠበቆች ክርክር በጣም የተለጠጠ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ግን አለ፣ በ2011 ሊቢያም ላይ ሰርቷል። 60 ቀኑ ሲያልፍ የኦባማ ጠበቆች እግረኛ ጦር የለንም፣ በሁለቱም ወገን የቀጠለ ተኩስ የለም፣ ስለዚህ ህጉ የሚለው “ውጊያ” ይሄ አይደለም አሉ። ከሰማይ ቦምብ እየወረደ! የታችኛው ምክር ቤት ደግሞ ጁን ላይ በአንድ ቀን ሁለት ድምጽ ሰጠ፣ ዘመቻውን እንፍቀድ የሚለውን 123 ለ295 ጣለ፣ ገንዘቡን እንቁረጥ የሚለውንም 180 ለ238 ጣለ። አልፈቀዱም፣ አልከለከሉምም። ዘመቻው እስከ ኦክቶበር ቀጠለ።

ስለዚህ እባካችሁ “60 ቀን አለው” አትበሉ።

“ከሁለተኛው የአለም ጦርነት ወዲህ ኮንግረስ ምንም አልፈቀደም።”

አዋጅና ፈቃድ ማምታታት ነው። በመደበኛ ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነት ያወጁት በ1942 ጁን ነው፣ ቡልጋሪያ፣ ሀንጋሪና ሩማንያ ላይ። ከዛ በኋላ ግን በ1964 ለቬትናም፣ በ1991 ለባህረ ሰላጤው ጦርነት (ሴኔት 52 ለ47፣ ለጥቂት ነው ያለፈው)፣ በ2002 ለኢራቅ ፈቃድ ሰጥተዋል። በህግ ፊት እንደዚህ አይነት ፈቃድም በቂ ነው።

“የተባበሩት መንግስታት ፈቅዷል እኮ።”

ይሄን ስሰማ አልቆጣም፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አንድ ተማሪዬ የቃኘው ዘማች ልጅ ናት፣ አባቷ ኮሪያ የዘመተው አለም ስለፈቀደ ነው ብላ ነው ያደገችው፣ እውነቷን ነው፣ የጸጥታው ምክር ቤት ጠርቶ ጃንሆይ በ1951 ሻለቃውን ላኩ፣ ከ120 በላይ ወታደሮቻችን እዛ ቀሩ። ግን ትሩማንም ያቺኑ የምክር ቤት ውሳኔ ይዞ ነው በ1950 ጁን የአሜሪካን ጦር ያስገባው፣ ኮንግረስ ድምጽ ሳይሰጥ፣ “የፖሊስ ዘመቻ” ነው ተብሎ። በዛ የፖሊስ ዘመቻ ከ36 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሞቱ። ለዚህች ልጅ ያልኳት እንዲህ ነው፣ የኒውዮርኩ ምክር ቤት አሜሪካ ኮሪያ ላይ መዋጋቷ በአለም ህግ ልክ ነው ወይ የሚለውን ይመልሳል፣ ከአሜሪካ መንግስት ውስጥ ማን ነው የሚወስነው የሚለውን ግን አይመልስም፣ ሁለት የተለያየ በር ነው፣ አንዱ ስለተከፈተ ሌላው አይከፈትም።

(ሊቢያ ላይ ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥሩ ራሱ 1973 ነው፣ ህጉ ደግሞ የ1973 ነው፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚከራከር ሰው ገጥሞኛል። አይገናኙም።)

“ሶማሊያ ላይ መቼ ነው የፈቀዱት?”

ይሄስ ስህተት ሳይሆን ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ስህተቱ “አልፈቀዱም” ወይ “ፈቅደዋል” ብሎ በአንድ ቃል መመለሱ ነው። በ2001 ሴፕቴምበር፣ የኒውዮርክ መንትያ ህንጻዎች ከፈረሱ በሶስተኛው ቀን፣ ኮንግረስ ያንን ጥቃት ያቀዱትን፣ የፈጸሙትን፣ የረዱትንና ያስጠጉትን ለመምታት ፈቀደ። ሴኔት 98 ለ0፣ ታችኛው ምክር ቤት 420 ለ1፣ ያቺ አንዷ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ናት፣ ባዶ ቼክ ነው የምትሰጡት ብላ ነበር። ዋናው አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 60 ቃል ነው። አልሸባብ የሚባል ስም እዛ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፣ ድርጅቱ የወጣው ከዛ አመታት በኋላ ነው። ግን በ2016 የኦባማ መንግስት አልሸባብ የአልቃይዳ ተባባሪ ነው ብሎ በዛው ፈቃድ ውስጥ አስገባው። እኛ ጎረቤት ሆነን ስለሞቃዲሾ ድብደባ ስንሰማ ከጀርባው ያለው ድምጽ ያ ነው፣ ያኔ ድምጽ ከሰጡት ብዙዎቹ ዛሬ ኮንግረስ ውስጥ የሉም።

ኮንግረስ የእውነት ጥርስ ያሳየውም እዛችው ሶማሊያ ላይ ነው። በ1993 ኦክቶበር ሞቃዲሾ ላይ 18 አሜሪካውያን ወታደሮች ሲሞቱ ሴናተር ሮበርት ቤርድና ጓደኞቹ በህግ ገንዘቡን ቆረጡት፣ ከ1994 ማርች 31 በኋላ ለዛ ዘመቻ ሳንቲም የለም ተባለ። ጦሩ ወጣ።

“ኮንግረስ ተቃውሞ ድምጽ ከሰጠ ይቆማል።”

አይቆምም። በህጉ የመጀመሪያ ሀሳብ ሁለቱ ምክር ቤቶች አውጣ ካሉት ያወጣ ነበር፣ ፕሬዚዳንቱ መፈረም አያስፈልገውም። በ1983 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ፣ በኢሚግሬሽን ጉዳይ (ቻዳ የሚባል ተማሪ ነበር፣ ከሀገር እንዳይባረር የተከራከረ) እንደዚህ አይነት ያለ ፊርማ የሚጸና ውሳኔ አይሰራም አለ። ከዛ ወዲህ ውሳኔው ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፣ እሱ ደግሞ ቪቶ ያደርገዋል። በ2019 የሳኡዲን የየመን ጦርነት መርዳት ይቁም የሚለውን ሴኔት 54 ለ46፣ ታችኛው ምክር ቤት 247 ለ175 አሳልፈውት ትራምፕ ቪቶ አደረገው፣ ሁለት ሶስተኛ አላገኙም፣ በ2020 ኢራን ላይም እንደዛው። ማለት የመጀመሪያው ሀሳብ ተገለበጠ፣ ፕሬዚዳንቱ ለመጀመር ድምጽ መለመን ሲገባው ኮንግረስ ለማስቆም ሁለት ሶስተኛ መለመን ጀመረ።

“ፍርድ ቤት ያስቆመዋል።” የኮንግረስ አባላት ራሳቸው ፕሬዚዳንት ክሊንተንን በኮሶቮ ድብደባ ከሰው መክሰስ አትችሉም ተብለው ተመልሰዋል። አትጠብቁ።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። በ2013 ኦባማ ሶሪያን ለመምታት ኮንግረስን ልጠይቅ ሲል፣ ከዛ በፊት በነበሩት ቀናት የእንግሊዝ ፓርላማ ካሜሮንን 285 ለ272 ከልክሎት ነበር፣ በጣም ደስ ብሎኝ ክላስ ውስጥ ቆሜ “ከአሁን በኋላ ሳይጠይቅ የሚመታ ፕሬዚዳንት አይኖርም” አልኩ። በ2017 ኤፕሪል ትራምፕ እዛችው ሶሪያ ላይ 59 ቶማሃውክ ሚሳይል ሲተኩስ ማንንም አልጠየቀም። የዛን ጊዜ ተማሪዎቼ ዜግነት ወስደው ሄደዋል፣ የተሳሳተ ነገር ነግሬያቸው። አንድ ፕሬዚዳንት ፈልጎ መጠየቁ ቀጣዩን አያስገድደውም፣ ይሄን ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

እና ደግሞ እባካችሁ፣ የምትጠሉት ፓርቲ ሲያደርገው ብቻ ህገ መንግስት አትጥቀሱ።

የመጨረሻው ደግሞ ለኛ ሰፈር ሰዎች ነው። “ሴናተሬ ጋ ደወልኩ” የሚሉኝ ዲሲ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ዲሲ ሴናተር የለውም፣ ታችኛው ምክር ቤት ያላችሁ ተወካይም በመጨረሻው ድምጽ ላይ መምረጥ አትችልም፣ ስለዚህ የደወላችሁት የሌላ ሰው ሴናተር ጋ ነው፣ ጸሀፊዋ ዚፕ ኮድ የምትጠይቃችሁ ለዛ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ የሜሪላንድን ሁለቱን ትደውላላችሁ። አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ደግሞ፣ ያን ሳምንት ኮንግረስ ሳይፈቅድ ኢራን ላይ ውጊያ አይቀጥል የሚለውን ውሳኔ ሴኔት ያቀረበው ቲም ኬን የናንተው ሴናተር ነው፣ ክላስ ከመግባቴ በፊት በነበረው ምሽት 47 ለ53 ተሸንፎ ነበር፣ እዛ ከተቀመጡት ከቨርጂኒያ ከሚመጡት ስድስት ሰዎች ስሙን የሰማው አንድ ብቻ ነበር።