ከአፈር ግድብ ግርጌ ውሃ ሲታይ፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

የአፈር ግድብ ሁሉ ጥቂት ውሃ ያሰርጋል። የሚያሰጋው ውሃው አፈር ይዞ መውጣት ሲጀምር ነው። በብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ከሥር ደለል ካረፈ ጉዳዩ የዛሬ ነው።

ንጹሕ ውሃ ይወጣል፣ መጠኑም አይለዋወጥም

አብዛኛውን ጊዜ ከመሠረቱ ሥር ባለ አሸዋ ወይም የተሰነጠቀ ዐለት በኩል የሚያልፍ ነው። አትድፈኑት፤ መውጫ ያጣ ውሃ ግፊቱ ጨምሮ በሌላ ቦታ ይወጣል። በቦይ ሰብስቡና በ90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ የተቀደደ የውሃ መለኪያ ሳህን አቁሙለት። ውሃው ከቪው የታች ጫፍ በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ከቆመ በሰከንድ 0.8 ሊትር ገደማ፣ 10 ከሆነ 4.4 ሊትር ገደማ ያልፋል። ከፍታውን ከሳህኑ ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ፣ ውሃው ማዘቅዘቅ ሳይጀምር ለኩ። ከግድቡ ውሃ ከፍታ ጋር ጎን ለጎን መዝግቡ፤ ግድቡ ሳይሞላ፣ ዝናብም ሳይኖር ስርገቱ ከጨመረ ውስጥ ለውስጥ እየተቦረቦረ ሊሆን ይችላል።

ውሃው ደፈረሰ፣ ወይም አሸዋ እያፈላ ጉብታ ሠራ

ቦርቧሪው ውሃ ከመውጫው ተነስቶ ወደተጠራቀመው ውሃ ወገን ዋሻ እየቆፈረ ነው። በአሜሪካ አይዳሆ የሚገኘው የቴተን ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976 ጠዋት ድፍርስ ውሃ ታየበት፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተናደ። ቀዳዳውን ሊደፍኑ የተላኩት ቡልዶዘሮችም ተዋጡ።

መጀመሪያ ከታች ያለውን ሕዝብ አስጠንቅቁ። ከዚያ መውጫው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ሻካራ አሸዋ፣ በላዩ 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ ጫኑ። ድንጋይ ብቻ ከጣላችሁ አፈሩ በክፍተቱ ሾልኮ ይሄዳል። ለቋሚ ማጣሪያ የአሸዋው ዲ15 (በክብደት 15 በመቶው ከእሱ የሚያንስበት የቅንጣት መጠን) ከግድቡ አፈር ዲ85 (85 በመቶው የሚያንስበት) አራት እጥፍ አይብለጥ። የተጠራቀመውን ውሃ ቀንሱ፤ ነገር ግን ጊዜ ካለ ቀስ ብላችሁ፤ ድንገት ሲወርድ የውሃው ወገን ተዳፋት ይንሸራተታል።

ውሃው በማውጫ ቱቦው ዙሪያ ይወጣል

ከክብ ቱቦ ሆድ ሥር ዳምጠው አይደርስም፤ ላላ ያለ አፈር ይቀራል። ሲሚንቶ በግፊት መርጨት ፈጣን ቢመስልም ግፊቱ ራሱ ግድቡን ሊሰነጥቅ ይችላል። ዘላቂው መንገድ በበጋ ውሃውን አውርዶ መቆፈር፣ ቱቦውን በኮንክሪት ማቀፍ፣ እርጥበቱ የተስተካከለ ሸክላ አፈር በ10 ሳንቲ ሜትር ንብብር በእጅ ማጠጋጊያ መደቆስ፣ በታችኛው ጫፍ አካባቢም ቱቦውን በአሸዋ ማጣሪያ መክበብ ነው።

አናቱ ተሰነጠቀ

ስንጥቁ በግድቡ ርዝመት ከሆነ ብዙ ጊዜ መስመጥ ነው። ከውሃው ወገን ወደ ታችኛው ወገን ግድቡን የሚሻገር ከሆነ ግን የውሃ መንገድ ነው፦ ኖራ የተበጠበጠበት ውሃ አፍስሱበት፣ ነጩ መስመር ካለቀበት 30 ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ ቆፍሩ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ንብብር ሙሉ።

ተዳፋቱ ላይ ባሕር ዛፍ ካለ ግንዱን ቆርጣችሁ አትሂዱ፤ የበሰበሰ ሥር ቱቦ ይሆናል። ሥሩን አውጥታችሁ ጉድጓዱን ደቁሱ። የጃርት ጉድጓድም እንዲሁ።