ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የባህርይ መጠይቅ እንዴት ይዘጋጃል? እንዴትስ ይፈተሻል?

መጀመሪያ የመጠይቁ ሥራ ይለይ፤ ኦቲዝም የሚጠረጠርበትን ልጅ መለያ ነው ወይስ የታወቀለትን ልጅ ለውጥ መከታተያ? እዚህ የምንይዘው የመጀመሪያውን ነው፤ የሚጠየቁትም የጎጃም ወላጆች ናቸው። የዕድሜ ክልሉም ይጥበብ፤ የ3 ዓመትና የ10 ዓመት ልጅ በአንድ ጥያቄ አይለኩም።

በመጨረሻ 20 ጥያቄ እንዲኖርዎ ከ40 እስከ 60 ይጻፉ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ) የያዛቸው ሁለት ዘርፎች ናቸው፦ የማኅበራዊ ተግባቦት ችግር፣ እንዲሁም ድግግሞሽ የበዛበት ባህርይ፤ ለድምፅና ለንክኪ የተለየ ስሜት ማሳየት በሁለተኛው ይካተታል። አነጋገሩ ግን ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላ እናቶች አፍ ይምጣ። “ሰው ዓይን ዓይኑን አያይም” የሚለው በጎጃም ብዙም አይለይም፤ በታላቅ ፊት አቀርቅሮ መስማት ጨዋነት ነውና። “እናቱ ስታጫውተው ፊቷን ያያል?” ይሻላል። ስለ አሻንጉሊት ከመጠየቅ “እቃቃ ሲጫወት ጭቃውን ወጥ፣ ቅጠሉን እንጀራ ያደርጋል?” ይበሉ። ለድምፅ ወፍጮ ቤትን ያንሱ።

አሉታዊ ጥያቄ ይቅር። “ስሙን ሲጠሩት አይዞርም?” ተብላ “አዎ” ያለች እናት የቱን እንዳለች አይታወቅም። “ይጮኻል፣ ይማታልም?” ሁለት ጥያቄ ነው። “አንዳንዴ” ለሁሉም አንድ ስላልሆነ “ከዛሬ ሳምንት ወዲህ ስንት ቀን?” ብለው ያስቆጥሩ፦ 0፣ 1–2፣ 3–5፣ 6–7።

ቀጥሎ ከ6 እስከ 10 ባለሙያዎች (የአእምሮ ሐኪም፣ የሕፃናት ሐኪም፣ የልዩ ፍላጎት መምህር) ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተገቢነት ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይስጡ። 3 ወይም 4 የሰጡት ድርሻ ከ0.78 ካነሰ ጥያቄው ይታረማል ወይም ይወጣል። ከዚያ ለጥቂት ወላጆች አንብበው “ምን ተጠየቁ?” ይበሉ። “ደህና ነው፣ ተመስገን” መልስ አይደለም፤ ምሳሌ ይጠይቁ። ጎረቤት ባለበት የልጅን ጉድ የሚያወጣ ስለሌለ ለብቻ ያነጋግሩ። በአዊ የአገውኛ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ጠያቂው በቃሉ እየተረጎመ ከሄደ በየቤቱ ሌላ መጠይቅ ይሆናል።

ለዋናው ሙከራ በአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 10 መላሽ ይያዙ፤ ለሙከራ የቀረበው 40 ጥያቄ ከሆነ ከ200 እስከ 400 ማለት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት የሚመልሱት ጥያቄ ይውጣ፤ ከዘርፉ ድምር ጋር ያለው ዝምድና (ኮሪሌሽን) ከ0.30 ያነሰውም እንዲሁ። ክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚሄዱ የሚለካ ቁጥር) ለየዘርፉ ይሰላ፤ ከ0.70 በታች ደካማ ነው፣ ከ0.95 በላይ ደግሞ አንዱን ነገር ደጋግሞ መጠየቅ ነው። መልሱ ይጸና እንደሆነ ለማየት ከ2 ሳምንት በኋላ ያንኑ ሰው ይጠይቁ። መጀመሪያ እናት፣ ቀጥሎ አባት ከመለሱ የተለካው የሰዎቹ ልዩነት ነው።

ብዙዎች የሚዘሉት ማነጻጸሪያውን ነው። በሐኪም ኦቲዝም የተረጋገጠላቸውና ችግር የሌለባቸው ልጆች ብቻ አይበቁም፤ ኦቲዝም ሳይኖርባቸው የመስማት ችግር ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውም ይግቡ። እነዚህን ካልለየ መጠይቁ የሚይዘው ማንኛውንም የእድገት መዘግየት ነው። መቁረጫ ነጥቡም (ልጁ ኦቲዝም ይጠረጠርበታል የሚያሰኘው ድምር) የተወሰነው በአንድ ቡድን ከሆነ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በሌሎች ልጆች ላይ እንደገና ይፈተሽ።