ግግር በረዶን በድሬዳዋ ፀሐይ ማስተማር

ድሬዳዋ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። «የተራራ ግግር በረዶ ለምን ይሸሻል?» ብዬ ስጠይቅ መላው ክፍል በአንድ ድምፅ «ስለሚሞቅ!» ይለኛል። ልክ ናቸው። ግን አንዱ ተራራ ቶሎ ሲራቆት ሌላው ለምን እንደሚቆይ ይህ መልስ አይነግረንም። ስለዚህ ትሪ ይዤ ወደ ግቢ እወጣለሁ። እናንተም እንዲህ አድርጉ።

ማታ አራት እኩል ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ አንዱን በረዶ እንዳለ ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ግንብ ጥላ ሥር አኑሩ። ሦስተኛው ላይ የተፈጨ ከሰል በስሱ ነስንሱና ፀሐይ ላይ ተዉት። አራተኛውንም እዚያው ፀሐይ ላይ አራት ጣት በሚሆን ደረቅ አሸዋ ቅበሩት። አሸዋው ጥላ ውስጥ ያደረ ይሁን። መጀመሪያ ስሞክር ከደቻቱ ወንዝ ዳር ፀሐይ ሲመታው የዋለ አሸዋ ዝቄ ስለነበር የተቀበረው በረዶ ከሁሉም ቀድሞ ውሃ ሆነ፤ ልጆቹም የተገላቢጦሹን ተምረው ሄዱ። በማግስቱ ደግሜ አሳየኋቸው።

በትክክል ከተሠራ ከሰል የለበሰው ቀድሞ ያልቃል። አዲስ የወረደ በረዶ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን 80 በመቶና ከዚያ በላይ መልሶ ይረጫል፤ ጥላሸትና አቧራ የለበሰው ግን ይውጠዋል። ወፍራሙ አሸዋ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል። ሒማላያ ላይ ከገደል የተናደ ድንጋይ የተጫናቸው ግግሮች አሉ፤ ጫፋቸው ብዙም ሳይሸሽ ከላይ ወደ ታች ይሳሳሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ጤነኛ ይመስላሉ። የጥላውን ነገር ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ገደል የጋረደው በረዶ ይቆያል።

ቀጥሎ የአየሩ ድርቀት ይመጣል፤ እኔ ረጅም ሰዓት የምሰጠው ለዚህ ነው። ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ነፋስ ላይ አኑሩ። ውሃው ይበርዳል፤ ከጆንያው የሚተንነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና። የኪሊማንጃሮ ጫፍ 5,895 ሜትር ላይ ነው፤ በዚያ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ብዙው በረዶ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል። ይህ ለማቅለጥ ከሚያስፈልገው ሙቀት ከስምንት እጥፍ በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ ድርቀቱ በአንድ በኩል በረዶውን ያቆየዋል። በሌላ በኩል ግን በቂ አዲስ በረዶ ካልጣለ የሄደውን የሚተካ የለም። በ1912 ወደ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን የነበረው የኪሊማንጃሮ በረዶ በ2011 ከ2 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ወርዷል።

በመጨረሻ ሳፋ አምጡ። ከጭቃ ሁለት ተራሮች ሥሩ፤ አንዱ ዝቅ ያለና አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ፣ ሌላው ሾጣጣና ረጅም። የጠፍጣፋው አናት አንድ ጣት ብቻ ብቅ እስኪል ውሃ ሙሉ። የውሃው ጠርዝ ከእሱ በላይ በረዶ ሳይቀልጥ የሚከርምበት ከፍታ ነው በሏቸው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የደረሰ ሁሉ ከፍታ አየሩን እንደሚያበርድ ያውቃል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ያ መስመር በግምት 150 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። አሁን ሁለት ጣት ውሃ ጨምሩ። ሾጣጣው ጥቂት ቀለበት ብቻ ያጣል፤ ጠፍጣፋው አናት በአንድ ጊዜ ይሰጥማል። እዚህ ላይ ስለ ባሌ ተራሮች እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ ግግር የሌለበት የሳነቴ አምባ በጥንቱ የበረዶ ዘመን በረዶ ለብሶ ነበር። ልጆቹ ሳፋውን ዝም ብለው ያዩታል።

ጭቃውን አስቀድማችሁ ፀሐይ ላይ አታድርቁት፤ የደረቀ ጭቃ ውሃ ሲነካው ይፈራርሳል። እርጥብ ሳለ በደንብ አሽታችሁ ሥሩት፤ ውሃውንም በሳፋው ጠርዝ በኩል በቀስታ አፍስሱ።