ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል ላይ ነጥብ ከማባከናችሁ በፊት

የዚህ ጌም የችሎታ ዛፍ (ካራክተራችሁን በነጥብ የምታጠናክሩበት ካርታ) ከ1,300 በላይ ምርጫዎች አሉት። በግምት ከሄዳችሁ በኋላ ማስመለሱ ወጪ ያስወጣችኋል።

ፓዝ ኦፍ ቢልዲንግ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ካራክተራችሁን አስገቡበት። ከዚያ ዛፉ ያለበት ገጽ ላይ «ሾው ኖድ ፓወር» የሚለውን አብሩት። ያልወሰዳችኋቸውን ምርጫዎች አንድ በአንድ እየሞከረ ዛፉን ቀለም ይቀባላችኋል። ሴቲንጉን ካልነካካችሁት፣ ጉዳት የሚጨምረው ቀይ፣ መከላከያ የሚጨምረው ሰማያዊ ነው።

የሚሠራው የራሳችሁን ዕቃ ይዞ ስለሚያሰላ ነው። ዛፉ ላይ «20% ጭማሪ» የሚለው ያጓጓል አይደል? ግን ጭማሪዎቹ እርስ በርስ ይደመራሉ እንጂ አይባዙም። ቀድሞ 400% ካላችሁ፣ ያ 20% በተግባር የሚሰጣችሁ 4% ብቻ ነው። ይሄን በዓይን ማየት ከባድ ነው።

ብቻ ደምቆ ስለታየ ዘላችሁ አትግቡ፤ እዚያ ለመድረስ ስድስት ነጥብ የሚበላ ከሆነ ቅርብ ያለው ሊሻል ይችላል። የውጊያውን ሁኔታ የምትመርጡበት የፕሮግራሙ «ኮንፊገሬሽን» ገጽ ላይም ውጊያ ውስጥ ሁሌ የማይሆን ነገር ምልክት ካደረጋችሁ ቁጥሩ ይዋሻችኋል። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ለጊዜው ተዉት፣ ዝም ብላችሁ ተጫወቱ።