ካርፕ ከኩሬ ወጥቶ ወንዝ እንዳይገባ፣ ግድብ ከገባም ቁጥሩ እንዲቀንስ ምን መደረግ አለበት?

ካርፕ ቶሎ የሚያድግ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ፣ ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት አየር ባነሰው ውኃ ውስጥ እንኳ የሚኖር ዓሣ ነው። ገበሬ ለኩሬው የሚመርጠው በዚህ ጠንካራነቱ ነው፤ ከኩሬ ባመለጠ ጊዜ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ጠንካራነቱ ነው። የትውልድ ቦታው አውሮፓና እስያ ሲሆን፣ በአገራችንም እንደ ቆቃና ዝዋይ ወዳሉ ውኃዎች ገብቶ ተላምዷል። ጎጃም ውስጥ ጉዳዩን በተለየ ጥንቃቄ እንድናየው የሚያስገድደን የወንዞቻችን አወራረድ ነው። የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ግልገል ዓባይ ደግሞ ወደ ጣና ይፈስሳል። ስለዚህ መራዊ አጠገብ ጓሮ ውስጥ የተቆፈረ አንድ ኩሬ በሐምሌ ጎርፍ ሞልቶ ቢፈስስ፣ ከውስጡ ያመለጠው ዓሣ የሚወርደው ወደ ጣና ነው።

ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ ባርባስ የተባለው ዓሣ ከአሥር በላይ ዝርያዎች ይኖራሉ። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው በጠጠርማ ቦታ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ከውኃው ታች ጭቃውን በአፉ እየማገና እየተፋ ነው፤ በዚህ ሂደት የውኃ ሣር ይነቀላል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ደለል ውስጥ ተቀብሮ የነበረው ፎስፈረስም ተነሥቶ ለአልጌ ምግብ ይሆናል። በደለል ብዛትና በእምቦጭ ለተጎዳ ሐይቅ ተጨማሪ አደፍራሽ ማምጣት ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ፦ ዓሣውን በትክክል መለየት

ብዙ ሰው አፉ አጠገብ ጢም ያየበትን ዓሣ ሁሉ ካርፕ ይለዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ የራሳችን ባርባስም ጢም አለው፣ አምባዛም አለው። ሳይለዩ የሚያጠፉ ሰዎች በካርፕ ስም የሚገድሉት ባርባስን ሊሆን ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ጢሙንና የጀርባ ክንፉን አንድ ላይ ማየት ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ረጅም የጀርባ ክንፍ አለው፣ ጢም ግን የለውም። ባርባስ ጢም አለው፣ የጀርባ ክንፉ ግን አጭር ነው። ካርፕ ሁለቱም አሉት፤ በአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጢም፣ ከጀርባው መካከል ተነሥቶ ወደ ጅራቱ የሚዘልቅ ረጅም ክንፍ። የዚህ ክንፍ የፊተኛው ጠንካራ እሾህ የኋላ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተጠረሰ ስለሆነ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በቀላሉ ይለያል፤ ይሁንና ጥቂት ትልልቅ ቅርፊቶች ብቻ ያሉት የካርፕ ዓይነትም ስላለ በቅርፊት ብቻ መፍረድ አይገባም።

አጠራጣሪ ዓሣ ሲገኝ በብዙ አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ፣ የተያዘበትን ቦታና ቀን ይጻፉ፣ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ባሕር ዳር ላለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ያሳዩ። በሕይወት እያለ በጄሪካን ይዞ ወደ ሌላ ውኃ መሄድ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ኩሬ ያለው ሰው ማድረግ ያለበት

ኩሬ ገና ለመቆፈር ካሰቡ ካርፕን ትተው ቆሮሶን ቢይዙ ይሻላል፤ ቢያመልጥ እንኳ ለጣና ተፋሰስ ባዕድ አይደለም። ካርፕ አስቀድሞ ከገባ ግን የሚከተሉትን ሥራዎች ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ ያስፈልጋል።

የኩሬው ግድግዳ ከውኃው የላይኛው ገጽ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል። ከላይ ያለው ቁልቁለት ጎርፉን ወደ ኩሬው እንዳይለቅ በዙሪያው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣለት። የትርፍ ውኃ መውጫው በወንፊት ይሸፈን፤ ወንፊቱ በቅጠልና በጭቃ ሲደፈን ውኃው በግድግዳው ላይ ስለሚሄድ በዝናብ ወራት በየቀኑ መጠረግ አለበት። ወንፊት ግን ትልልቁን ዓሣ እንጂ ከእንቁላል የወጣውን ጫጩት አያስቆምም፤ ከመርፌ ጫፍ ብዙም የማይበልጥ ነገር በየትኛው ሽቦ ይያዛል? ስለዚህ ዋናው መከላከያ ካርፑ ገና ሳይጎለምስ ለገበያ ማውጣት ነው። እንቁላል የሚጥል ዓሣ ከሌለ የሚያመልጥ ጫጩት አይኖርም።

ኩሬውን በየዓመቱ ከክረምቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ይገባል። የሚወጣው ውኃ ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ ማሳ ይለቀቅ፤ ለአትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው፣ አብሮት የሚወጣ ጫጩትም መሬት ላይ ይቀራል። በኩሬው ወለል ላይ በሚቀሩ ጉድጓዶች ውስጥ ኖራ ይበተን፤ አፈሩም ተሰነጣጥቆ እስኪታይ ፀሐይ ይምታው። ካርፕ በጥቂት እርጥብ ጭቃ ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ውኃው ሄዷል ብሎ በግማሽ መተው ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ግድብ ውስጥ ከገባ በኋላ

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ትልቅ ውኃ ውስጥ የተራባን ካርፕ ጨርሶ ማጥፋት እጅግ ከባድ ነው፤ አንዲት ትልቅ እናት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። በአውስትራሊያ የታዝማኒያ ደሴት ክሬሰንት በተባለ ሐይቅ ካርፕ የተገኘው በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ መውጫውን በወንፊት ዘግተው፣ ራዲዮ የተተከለባቸው ወንድ ካርፖች ወደ መንጋው እየመሯቸው፣ ጨርሰው ለማውጣት ከአሥር ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል። ጉዳቱን ለመቀነስ ግን የግድ እስከ መጨረሻው ዓሣ መድረስ አያስፈልግም። በሰሜን አሜሪካ ጥልቀት በሌላቸው ሐይቆች በተደረገ ጥናት፣ የካርፕ ክብደት በሄክታር ከ100 ኪሎ ግራም ገደማ ሲያልፍ የውኃው ሣርና ጥራት በግልጽ መጎዳቱ ታይቷል። የእኛ ውኃ ከዚያ ይለያል፤ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ መያዝ ግን እዚህም ዋጋ ያለው ሥራ ነው።

የማስገር ጊዜ ምርጫ ከመረቡ ዓይነት ይበልጣል። የመስኖ ግድብ በበጋ ለማሳ ሲለቀቅ ውኃው እየሸሸ ይሄዳል፣ በሚያዝያና በግንቦት ዓሣው በጠበበው ቦታ ይታጎራል። ከዚህ ቀደም ብሎ ደግሞ ዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ፣ ማስገሩን ከጾሙ ጀምሮ ውኃው እስከሚያንስበት ድረስ ማካሄድ ሥራውንም ገበያውንም ያገናኛል። በዚህ ወቅት ከተዘረጋ መረብ ይልቅ ወደ ዳር የሚጎተት መረብ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የተዘረጋው መረብ የያዘውን ሁሉ አንቆ ሲገድል፣ የሚጎተተው ዓሣውን በሕይወት ስለሚያወጣ ባርባሱንና ቆሮሶውን ወዲያው ወደ ውኃው መመለስ ይቻላል። ከመጎተት ጥቂት ቀናት በፊት የተቀቀለ በቆሎ በአንድ ቦታ ደጋግሞ መበተን ካርፑን ይሰበስበዋል፤ በጎጃም በቆሎ ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ወሳኝ ጊዜ ውኃው ተመልሶ ሲሞላ ነው። ካርፕ የሚያጣብቅ እንቁላሉን የሚጥለው ውኃ አዲስ በሸፈነው ሣር ላይ፣ ጉልበት በማይደርስ ጥልቀት ነው፤ ትልልቆቹ ዳር ላይ ሲንቦጫረቁ በዓይን ይታያሉ፣ በድምፅም ይታወቃሉ። በዚያን ሰዓት ቦታውን በመረብ ከብቦ እናቶቹን ማውጣት የአንድ ወር ማስገርን ያህል ይጠቅማል። እንቁላሉ በሞቀ ውኃ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ቀናት ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል፣ የግድቡ ውኃ አስተዳዳሪዎች በእነዚያ ቀናት ውኃውን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ከቻሉ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ደርቆ ይቀራል። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ከመስኖ ተጠቃሚዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያለበትም ለዚህ ነው።

የብርብራ ዛፍ ፍሬን ፈጭቶ ውኃ ውስጥ መበተን እንደ አቋራጭ የሚያዩት ሰዎች አሉ። በፍጹም አይደረግ። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ ካርፕን ከባርባስ አይለይም፤ እንዲያውም ካርፕ ከብዙ ዓሦች ይልቅ አየር ማነስን የሚችል በመሆኑ፣ የሚቀረው እሱ ሊሆን ይችላል።

የተያዘውን ዓሣ በተመለከተ፣ ዳር ላይ ጥሎ መሄድ ነውርም ብክነትም ነው። ካርፕ በሥጋው መካከል ቀጫጭን አጥንት ስላለበት ብዙ ሰው ይሸሸዋል፤ ቆዳውን ሳይገፉ ጎኑን በሹል ቢላዋ ጠጋ ጠጋ አድርጎ መሰንጠቅና በጋለ ዘይት መጥበስ አጥንቱን ስለሚያለሰልሰው ያለ ሥጋት ይበላል። የሆድ ዕቃው ጉድጓድ ውስጥ ከገለባ ጋር ተቀብሮ ማዳበሪያ ይሁን፤ ውኃ ውስጥ አይመለስ።

በመጨረሻም ደብተር ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ጉተታ ስንት ካርፕ፣ ስንት ባርባስ፣ ስንት ቆሮሶ እንደወጣና የካርፑ ክብደት ስንት እንደሆነ ይጻፍ፤ ንጽጽሩ በተመሳሳይ መረብ፣ በተመሳሳይ ቦታና ወር የተደረገ ይሁን። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ደግሞ ዓይኑ ጠባብ በሆነ ትንሽ መረብ ዳር ዳሩን መሞከር ተገቢ ነው። የጣት ርዝመት ያላቸው የካርፕ ልጆች ከወጡ፣ በክረምቱ ሳይታወቅ የቀረ እንቁላል የተጣለበት ሣራማ ዳር አለ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ሐምሌ መረቡ መጀመሪያ የሚዘረጋው እዚያ ነው።