«ቴአትር ቤቱ ሊፈርስ ነው» ሲባል ከየት ይጀመራል?

ወሬው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሻይ ቤት ነው። «ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ሲለኩ ነበር» ይባላል። ወይም ዘበኛው ጠዋት ሲመጣ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ያያል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መጮህ ያምረዋል። እኔ አራዳ ውስጥ የመድረክ መብራት ስሠራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ምክሬ ወረቀቱን አስቀድሙ ነው።

በመጀመሪያ ወሬውን አጣሩ። ወረዳም ክፍለ ከተማም ሂዱ፣ ግን በቃል ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ለምን እንደፈለጋችሁትም አስረዱ አትባሉም። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ያዙ። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጉ። «አያስፈልግም፣ እንደውልላችኋለን» ልትባሉ ትችላላችሁ። አትቆጡ፣ አትሂዱም። «እህቴ፣ ቁጥሯን ብቻ ጻፊልን» በሉ። ያቺ ቁጥር ከሌለች ነገ «ምን ደብዳቤ?» ቢሏችሁ መልስ የላችሁም። ጊዜው ካለፈ አቤቱታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ቤቱ ቅርስ መሆኑን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ወደሚሰበሰቡበት ማህደር። «ታሪካዊ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አንድን ነገር ቅርስ የሚለው በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብና በሳይንስ ይዘቱ ነው። ስለዚህ ማህደራችሁ ለእነዚህ መልስ ይስጥ። ሀገር ፍቅር ቴአትርን ውሰዱ። በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ማህበር ነበር፤ የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነው የተነሳው። ጥላሁን ገሠሠም በወጣትነቱ ያለፈው በዚያ ቤት ነው። ብሔራዊ ቴአትርን ብትወስዱ ደግሞ ጣሊያን ለሲኒማ ብሎ ጀምሮት ሳይጨርሰው ወጣ፤ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር ተጠናቆ ተከፈተ። ሕንፃው የሁለት ዘመን ምስክር ነው ማለት ነው። ስለ እናንተም ቤት እንዲህ አጭርና የሚጣራ ነገር ጻፉ። «የመጀመሪያው»፣ «ብቸኛው» የሚሉትን ቃላት ማስረጃ ከሌላችሁ አትንኳቸው። አንዷ ሐሰት ከተገኘች እውነቱንም ይዛ ትወድቃለች።

ማስረጃው ያለው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ውስጥ፣ በድሮ የአዲስ ዘመን ጋዜጦች ላይ፣ ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። ከዚያ ያልተናነሰ ደግሞ ጡረተኞች ቤት አለ። ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠች አሮጌ ሻንጣ ውስጥ የቴአትር ፕሮግራም፣ የመግቢያ ትኬት፣ ጀርባው ላይ ቀን የተጻፈበት ፎቶ ታገኛላችሁ። ዋናውን አትውሰዱ። እዚያው ፎቶ አንስታችሁ መልሱላቸው።

ሽማግሌዎቹን ስትቀርጹ ከተቻለ ሶፋ ላይ አስቀምጣችሁ አትጠይቋቸው፤ መድረኩ ላይ አምጧቸው። አንድ የቀድሞ መጋረጃ ሳቢ ቤታቸው ስናነጋግራቸው «ረሳሁት ልጄ» ብቻ ነበር የሚሉን። ጋሼን ደግፈን መድረክ ላይ ስናወጣቸው ቀጥ ብለው ወደ ግራው ግድግዳ ሄዱ። እዚያ ያለው እንጨት ከስንት ዓመት የገመድ መሳብ ተበልቶ ጣት የሚያስገባ ቦይ ሠርቷል። እጃቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው የተዋንያኑን ስም በየተራ ይጠሩ ጀመር። ስልኩን ከመክፈታችን በፊት ብዙ ስም ስላለፈን፣ እናንተ ገና ከበሩ ጀምራችሁ ቅረጹ። እንጨቱንም ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ይህን የመሰለ ነገር ከአሥር ገጽ ሙገሳ ይበልጣል።

የተሰነጠቀውን ግድግዳና የሚያፈሰውን ጣሪያም አትደብቁ። «አርጅቷል፣ አደጋ ነው» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ጣሪያ ማፍሰስና ሕንፃ መውደቅ ግን ለየቅል ናቸው፤ ልዩነቱን በወረቀት የሚያስቀምጠው መሐንዲስ ነው። ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ ሄዳችሁ መምህራኑን አነጋግሩ። ሕንፃ ለክቶ ፕላኑን ማንሳት ለተማሪዎች ትምህርት ነው፣ ለእናንተ ደግሞ ማስረጃ። ጥገናው ምን እንደሚጠይቅ ከፕላኑ ጋር ቢያያዝ ደግ ነው።

ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ሌላው አባሪ ይሁን። ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ለከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ አስገቡ፣ ለክፍለ ከተማው ግልባጭ አድርጉ። የምትጠይቁት ግልጽ ይሁን፦ ሕንፃው ተጠንቶ በቅርስነት ይመዝገብ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ማፍረሱ ይቁም። ሕገ መንግሥቱን ጥቀሱ። አንቀጽ 41(9) የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነትን በመንግሥት ላይ ይጥላል፤ አንቀጽ 91(2) ደግሞ ዜጎችንም ይጨምራል። ስለዚህ ልመና አይደለም፣ ግዴታችንን እየተወጣን ነው።

ፊርማ በእድር በኩል ማሰባሰብ ይቀላል። ሙሉ ስም፣ ወረዳ፣ ፊርማ። አንድ ሰው ለቤተሰቡ ሁሉ አይፈርም። የካፌ ባለቤቶቹንና ማታ ቴአትር ሲለቀቅ ሰው የሚጭኑትን ባለታክሲዎች አትርሱ፤ ቤቱ ለአካባቢው ገበያ መሆኑን ከእነሱ የተሻለ የሚናገር የለም።

ይህን ሁሉ ቀይ ቀለሙ ሳይመጣ ብትጀምሩት ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ያየ የፒያሳ ሰው ነገሩ አንዴ ከተጀመረ እንዴት እንደሚፈጥን ያውቃል። ማህደሩ ተዘጋጅቶ በሦስት የተለያየ ቤት ይቀመጥ፤ አንድ ኮፒ በፍላሽ፣ አንድ ኮፒ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጋ።

ምናልባት ይፍረስ ተብሎ ቢወሰን እንኳ ሥራው አላለቀም። ያኔ የዕቃ ርክክብ ጠይቁ። መጋረጃው፣ የመብራት ሰሌዳው፣ የትኬት መስኮቱ ብረት፣ ፖስተሮቹ፣ አልባሳቱና በእጅ የተጻፉ ድርሰቶቹ አንድ በአንድ ይመዝገቡ። ማን እንደተረከበና የት እንደሚቀመጥ ተጽፎ በሁለቱም ወገን ይፈረም። ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ያ ቅጽ በእጃችሁ ይሁን።