ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወታደራዊ ኮሌጅ ስትራቴጂና ደኅንነት ለማስተማር

ወታደራዊ ኮሌጅ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። በዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት የሚቀመጠው ገና ማዕረግ ያልለጠፈ ወጣት ነው፤ የሚማረውም በአብዛኛው ውጊያ ነው። ኮማንድና ስታፍ ኮሌጅ የሚገባው ሻለቃ አካባቢ የደረሰ መኮንን ሲሆን ትምህርቱ ዘመቻ ማቀድ ላይ ያተኩራል። ዋር ኮሌጅ ደግሞ ኮሎኔልና ጄኔራል መኮንን ይዞ ጦርነት ከፖለቲካ፣ ከኢኮኖሚና ከዲፕሎማሲ ጋር እንዴት እንደሚታሰር ያስተምራል። ስትራቴጂና ደኅንነት ያጠና ሲቪል በብዛት የሚፈለገው በኋለኞቹ ሁለቱ ነው። ማመልከቻውም፣ የማሳያ ትምህርቱም፣ የንባብ ዝርዝሩም ለየትኛው እንደሆነ ካልተለየ ከጅምሩ ይበላሻል።

የመጀመሪያ ዲግሪውን ለማግኘት ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ጥናት አለ፤ ታሪክም ሆነ ሕግ ያጠና ሰው መንገዱ አይዘጋበትም። ከኮርሶቹ ጎን ሁለት ነገር ይጨመር፤ ስታቲስቲክስ እና ካርታ ማንበብ። ካርታ ላይ የከፍታ መስመር ማንበብ የማይችል የስትራቴጂ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቅበታል። ለሁለተኛ ዲግሪ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ዋናው አማራጭ ነው። ለድኅረ ምረቃ የሚሰጠውን አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ሰው ሁሉ «ጋት» ይለዋል፤ ያን ሳያልፉ ዲፓርትመንት ማንኳኳት ጊዜ ማባከን ነው። በማስተርስ የሚቀጠር ሌክቸረር፣ በፒኤችዲ የሚቀጠር ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ላይ ግን ረጋ ማለት ያሻል፤ የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የሚወሰኑት እዚያ ነው። «የአፍሪካ ቀንድ ጂኦፖለቲካ» የሚል ርዕስ የያዘ አመልካች መዓት ነው። ባሕር ዳር የተቀመጠ ተማሪ ሌላው አገር በአውሮፕላን መጥቶ የሚያጠናው ጉዳይ ደጁ ላይ አለ፤ ውኃ። ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት የ1894ቱ ውል ሦስተኛ አንቀጽ በአባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ያሰረ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ መመጠን ጀመረ፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በ2002 ሥራ ገባ፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን በሕዳሴ ግድብ ላይ የተስማሙበት የመርሆዎች መግለጫ መጋቢት 14 ቀን 2007 ተፈረመ፤ የናይል ትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ጥቅምት 3 ቀን 2017 በሥራ ላይ ዋለ፤ ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ከዚህ መካከል አንዷን ክር ብቻ መምዘዝ ነው። ለምሳሌ የአንድ ሐይቅ ውኃ ለመብራት፣ ለመስኖ፣ ለጀልባና ለዓሣ አስጋሪ ሲከፋፈል የውስጥ አለመግባባቱ ለውጭ ድርድር ምን አቅም ይሰጣል ወይም ይነሣል የሚለው ጥያቄ ሊጻፍ የሚችል፣ ማስረጃው የሚገኝና ለመኮንን ክፍልም የሚሆን ነው። የዩኒቨርሲቲው ብሉ ናይል ውሃ ኢንስቲትዩትም እዚሁ ስላለ የሃይድሮሎጂ ቁጥር የሚያርም ሰው አይጠፋም። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች በብዛት የሚወድቁት ሜትር ኪዩብ በሰከንድንና በዓመት ቢሊዮን ሜትር ኪዩብን ሲያደባልቁ ነው።

ታና ፎረም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ከተማ የአህጉሩን የደኅንነት ሰዎች ሰብስቧል። አዳራሹ ለግብዣ ነው፤ ሰነዶቹ ግን ይነበባሉ። ለውሳኔ ሰጪ አጭር ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ ለመማር ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይሻላሉ።

ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ የሚጠየቀው ወረቀት የታወቀ ነው፤ ዲግሪና ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ ካለበት መሥሪያ ቤት ክሊራንስ፣ የፖሊስ አሻራ። የሚያዘገዩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ወጪ መጋራት ነው፤ ካልተከፈለ ኦርጅናሉ ዲግሪ አይወጣም፣ በቴምፖራሪ ብቻ መሄድም ብዙ ጊዜ አያስኬድም። ሁለተኛው የውጭ አገር ዲግሪ የአቻ ግምት ነው። ሁለቱም ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ይጨረሱ፤ የምዝገባ ቀን አጭር ነው።

አሁን የማሳያ ትምህርቱ። ሃምሳ ደቂቃ ተሰጠ እንበል። አብዛኛው አመልካች የስትራቴጂን ትርጉም በስላይድ ይደረድራል፤ ገምጋሚዎቹ ግን የሚፈልጉት ክፍል መምራት መቻሉን ነው። አድዋን መያዝ ጥሩ ነው፣ በአንድ ሁኔታ፤ ታሪኩ በጣሊያኑ ጦር አዛዥ በባራቲዬሪ ወገን ይሰጥ። ፍጻሜውን ሁሉም ስለሚያውቅ በእኛ ወገን ከተጀመረ ውይይቱ ወዲያው ወደ ሽለላ ይሄዳል፤ ማንም ውሳኔ አያመዛዝንም።

አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ካርታ ይበቃል። ቀኑ የካቲት 21 ቀን 1888 ማታ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው በዚያ ሰዓት ይታወቅ የነበረው ብቻ ነው፤ ከ17,000 በላይ ሰው፣ አራት ብርጌድ፣ ሊያልቅ የተቃረበ ስንቅ፣ ከሮም የሚገፋ መንግሥት፣ ወደፊት እንሂድ የሚሉ አራት የብርጌድ አዛዦች። የምኒልክም ሠራዊት ስንቅ እየመነመነበት መሆኑ እንደ ወሬ በአንድ መስመር ይገባል። ለንባብ 5 ደቂቃ። ቀጥሎ ሦስት ቡድን፣ ሦስት አማራጭ፤ ማፈግፈግ፣ ባሉበት መጠበቅ፣ መገስገስ፤ ለዚህ 15 ደቂቃ። ክርክሩ 15 ደቂቃ። ከዚያ በ10 ደቂቃ የሆነው ይነገራል፤ በተለይም የካርታው ነገር። በተሰጠው ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ ሌላ ነበር፤ ከብርጌድ አዛዦቹ አንዱ አልቤርቶኔ የአገሬው ሰው በዚያ ስም የሚጠራውን ሲፈልግ ከሌሎቹ ብርጌዶች ርቆ ገባ። የቀረችው 5 ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ ናት፤ «ካርታው ትክክል ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ትክክል ይሆን ነበር ወይ?» የመምህሩ ችሎታ የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ካርታው የአፈጻጸም ስሕተት ነው፤ ስንቁ ሊያልቅ የተቃረበ ሠራዊት ይዞ በፖለቲካ ግፊት መግጠም ግን የስትራቴጂ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን ክፍሉ ራሱ እንዲለያቸው ማድረግ እንጂ መለየት አይገባም።

ሰዓት ካጠረ የሚቆረጠው ገለጻው ነው፤ ክርክሩ አይነካም።

ከተቀጠሩ በኋላ ፈታኙ ነገር ክፍሉ ውስጥ ያለው ማዕረግ ነው። ተማሪው ከመምህሩ በዕድሜም፣ በሥራም ይበልጣል፤ ውጊያ አይቷል። መኮንን የሚጠራው በማዕረጉና በስሙ፣ በ«እርስዎ» ነው፤ እጅ መንሣት ግን አይጠበቅም፣ ጥያቄን ማለሳለስም አያስከብርም። ከፍተኛው ማዕረግ ቀድሞ ከተናገረ የቀረው ክፍል ዝም ይላል። ስለዚህ ንግግር ከታች ማዕረግ ይጀመር፣ ይህም በመጀመሪያው ቀን እንደ ደንብ ይነገር፤ በመሀል ሲመጣ ዘለፋ ይመስላል። ሌላው ደንብ የተባለው ሊወራ ይችላል፣ ማን እንዳለው ግን ከበር አይወጣም የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ከተጣሰ ዓመቱን ሙሉ የሚናገር አይገኝም።

የሴሚናር ቡድን ከ12 እስከ 15 ሰው ቢሆን መልካም ነው፤ ከ20 ካለፈ ንግግር እንጂ ክርክር አይሆንም። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከ60 ገጽ በላይ ንባብ መስጠት ማንም እንዳያነብ ማድረግ ነው። በጠቅላላው ሦስት ጽሑፍ፦ እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለትና አንድ ሰነድ፤ ይህ ይሠራል። ገና ያልበረደ ግጭት እንደ ማስተማሪያ ጉዳይ አይመረጥ። ክፍሉ ውስጥ የተሳተፈበት ሰው ሊኖር ይችላል፤ ሰነዱም አልተከፈተም፤ ውይይቱም ወደ ምስክርነት ወይም ወደ ፍርድ ይለወጣል። ጉራዕ፣ ማይጨው፣ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው፣ የ1969–70ው የኦጋዴን ጦርነት ለብዙ ሴሚስተር ይበቃሉ።

ዕድገት የሚመጣው በኅትመት ነው፣ የወታደራዊ ኮሌጅ መምህር ደግሞ እዚህ ላይ ይታሰራል። ክፍል ውስጥ የሰማው፣ በጉብኝት ያየው፣ ተማሪው በመመረቂያ ጽሑፉ ያስገባው ሁሉ የሚታተም አይደለም፤ ረቂቅም ከመላኩ በፊት በተቋሙ መታየት ሊኖርበት ይችላል። ይህን የሚያመልጡት ከመጀመሪያው በክፍት ምንጭ ላይ የቆሙ ናቸው፤ የወመዘክር (የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) መዛግብት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስብስብ፣ የታተሙ ውሎች፣ የውኃ መለኪያ መረጃ። እያንዳንዱ መረጃ ከየት እንደመጣ ገና ማስታወሻ ሲያዝ ይመዝገብ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ይህ አኃዝ ከመዝገብ ነው ወይስ ከኮሎኔሉ አፍ የሚለው ካልታወቀ ጽሑፉ አይላክም። ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንት «ተቀብለናል» የሚል መጽሔት ላይ ማውጣት ደግሞ ለዕድገት ኮሚቴ ሲቀርብ ይጣላል፤ ጽሑፉም አንዴ ስለታተመ ሌላ ቦታ አይሄድም።